ከጦሳ ግርጌ ሆኖ መርከብ መጠበቅ

ጠጋ በሉ እስቲ ወገኖቼ። ውጪው ጉም ነው፣ የጦሳ ተራራም ከቀትር ጀምሮ ራሱን ተከናንቧል፣ ቡናው ደግሞ ገና አቦል ነው፤ የሚያጣድፈን ነገር የለም። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ባሕር ነው። ደሴ ተቀምጦ የባሕር ወሬ ከየት መጣ ትሉ ይሆናል፤ ከየት እንደመጣ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት እህል መጋዘን ውስጥ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ቁልፍ ከፈትኩ፣ ማታ ቁልፍ ዘጋሁ፣ በመካከሉ ጆንያ ቆጠርኩ። ከአሰብ ተነሥተው በሚሌና በባቲ አድርገው ሽቅብ የሚወጡት ከባድ መኪኖች በሩ ላይ ሲደርሱ በሞዴል 19 እቀበላለሁ፣ ለወረዳ ሲከፋፈል በሞዴል 22 አወጣለሁ፣ የተቀደደ ጆንያ ካለ ለብቻው አስመዝናለሁ፣ ጎደለ ከተባለም ሹፌሩን አስፈርማለሁ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣና የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ዞረና መኪኖቹ የሚመጡበት ተለወጠ እንጂ የእኔ ሥራ አልተለወጠም፤ ጆንያው ያው ጆንያ፣ ሞዴሉም ያው ሞዴል። በዚያ ሁሉ ዘመን ይህ ስንዴ መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት የት ነበር፣ ማንስ አመጣው ብዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ለእኔ የስንዴው ታሪክ የሚጀምረው ከመኪናው ተሳቢ ነበር።

ከዚያም ጡረታ ወጣሁ። ዕድሜ ልኩን ሲቆጥር የኖረ ሰው በድንገት የሚቆጥረው ሲያጣ ቀኑ ይረዝምበታል፤ የእኔም ቀን ረዘመ።

በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። በዚያ ዓመት ደሴ ያየችውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እሱን ዛሬ አላነሣም። አንድ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ መብራትም ሄዶ ሲመለስ፣ የእህቴ ልጅ ከጎኔ መጥቶ ቁጭ አለ። ምሕንድስና ጨርሶ ባሕር ዳር ካለው የመርከበኞች ማሠልጠኛ ጥሪ ይጠብቅ ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» አለና ስልኩን መዳፌ ላይ አኖረልኝ።

ካርታ ነው። የብሱ ገርጥቶ፣ ውኃው ሰማያዊ ሆኖ፣ በውኃው ላይ እንደ ተበተነ እህል የበዛ ቀለም ይታያል። እንደ ቀስት ጫፍ የሾለው የሚሄድ መርከብ ነው፣ ክቡ የቆመ ነው፤ አረንጓዴው ዕቃ ጫኝ፣ ቀዩ ነዳጅ ጫኝ፣ ሰማያዊው ሰው ጫኝ። ልጁ ካርታውን በጣቱ እየገፋ ወደ ላይ፣ ወደ ጥቁር ባሕር ወሰደኝና አንዲቱን አረንጓዴ ነካት፤ ስሟም ወጣ፦ ብሬቭ ኮማንደር። የዓለም ምግብ ፕሮግራም የተከራያት፣ ጦርነቱ የዩክሬንን ወደቦች ከዘጋ ወዲህ ለአፍሪካ የእርዳታ ስንዴ ይዛ የወጣች የመጀመሪያዋ መርከብ ነበረች፤ ስንዴውም የተጫነው ድርቅ ለመታው ለእኛው አገር ወገን ነበር። 23,000 ቶን።

23,000 ቶን ሲለኝ እጄ እርሳስ ፈለገ። 230,000 ኩንታል ማለት ነው። አንድ መኪና ከነተሳቢው 400 ኩንታል ቢይዝ 575 መኪና ይሆናል። 575 መኪና በአንዲት አረንጓዴ ነጥብ ላይ ተጭኖ ሲመጣ በዓይኔ አየሁ፣ አየሁና ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነሐሴ 10 ቀን ኦዴሳ አጠገብ ካለው ፒቭደኒይ ወደብ ወጣች። ከዚያም ጥቁር ባሕርን ቁልቁል ወርዳ ኢስታንቡል ደጃፍ ስትደርስ ተፈተሸች፣ ተፈትሻም ቦስፎረስን አለፈች፤ ከዚያ በማርማራ፣ ከዚያ በዳርዳኔልስ፣ ከዚያም በግሪክ ደሴቶች መካከል አድርጋ ሜዲትራኒያንን ተሻገረች፣ ተሻግራም በስዊዝ ቦይ ገባች፣ ቀይ ባሕርንም ታች ድረስ ወረደችው። እኔ ከራት በኋላ መነጽሬን አድርጌ እቀመጣለሁ፣ ልጁ ይከፍትልኛል፣ ዛሬ የት ደረሰች ብለን እናያለን፣ ከዚያም እንተኛለን። ሌላ ሥራ አልነበረንም፤ ሥራ ፈትተን ነው የተቀመጥነው። ነሐሴ 24 ቀን ጅቡቲ ገባች። ቀስቷ ወደ ክብ ስትለወጥ «ገባች!» ብዬ ጮህኩ፤ እህቴ ማን መጣ ብላ ከማድ ቤት ወጣች።

እንግዲህ መርከብ መጠበቅ የጀመርኩት እንዲህ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ቆይቼ ልጁን ጠየቅኩት፤ እሱም በትዕግሥት አስረዳኝ። ትልልቆቹ መርከቦች ኤአይኤስ የሚባል የሬዲዮ መሣሪያ አላቸው። መርከቧ ስትጓዝ በየሁለት፣ ቢዘገይ በየአሥር ሰከንዱ፣ መልህቅ ጥላ ስትቆም ደግሞ በየሦስት ደቂቃው፣ እኔ እገሊት ነኝ፣ እዚህ ነኝ፣ በዚህ ፍጥነት ወደዚህ እሄዳለሁ እያለች ትጣራለች። የተሠራው በጨለማና በጉም መርከብ ከመርከብ እንዳይላተም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 መጨረሻ ወዲህ ከአገር አገር የሚጓዝ፣ 300 ግሮስ ቶንና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ ሁሉ እንዲይዘው ግዴታ ሆነ። ጥሪው አይቆለፍም፤ አንቴና ያለው ሁሉ ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በግሪክ የኤጂያን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የተሰማውን ሁሉ በአንድ ካርታ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ማሪን ትራፊክ የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያም በየባሕሩ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ማንም ሳይከፍላቸው በየጣሪያቸው አንቴና እየሰቀሉ የሰሙትን ይልኩለት ጀመር።

«ግን ልብ ይበሉ ጋሼ» አለኝ፤ «ይህ ጥሪ እንደ እረኛ ጥሪ ነው። ከዚህ ጋራ እስከዚያ ጋራ ይሰማል፤ ጋራው ከመካከል ከገባ ይጠፋል። ባሕር ላይ ጋራው ራሱ የመሬት ጉብጠት ነው። ከባሕር ዳር አንቴና 40 ኖቲካል ማይል ገደማ ከራቀች መርከቧ ከዚህ ካርታ ትጠፋለች። ሳተላይት ይሰማታል፣ ሳተላይቱ ግን በገንዘብ ነው። ጠፋች ማለት ሰጠመች ማለት አይደለም፤ የሚሰማት ሰው አጠገቧ የለም ማለት ነው።»

ይህን ቃል ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ቡና አብረን ነው የምንጠጣው፣ በረመዳን እሳቸው ዘንድ እናፈጥራለን፣ በፋሲካ እሳቸው እኛ ዘንድ ይመጣሉ። በወጣትነታቸው የመኪና ረዳት፣ ኋላም ሹፌር ሆነው አሰብ የተመላለሱ ናቸው። ስልኩን ባሳየኋቸው ማታ መነጽር የላቸውምና ዓይናቸውን አጥብበው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ፣ ከዚያም ጣታቸውን አሰብ ላይ አኖሩ። ጣታቸው ባረፈበት አንድም ቀለም አልነበረም። ዝም አሉ፤ እኛም ዝም አልን።

ከዚያ ያወጉን ጀመር። የአሰብ ሙቀት እንዴት አስፋልቱን እንደሚያቀልጥ፣ ከሰርዶ ወዲያ ንፋሱ አሸዋውን እንዴት መንገዱ ላይ እንደሚከምር፣ ወደቡ ላይ ተራ ሲጠብቁ ከመኪናው ሥር እንዴት እንደሚተኙ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቁሞ በ1966 ሥራ ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ መካከል ንግሥተ ሳባ፣ የይሁዳ አንበሳና ላሊበላ የሚባሉ መርከቦች ነበሩ፤ እሳቸውም ስማቸውን እንደ ልጆቻቸው ስም ይጠሩታል።

«አሁንስ የእኛ መርከብ አለ?» አሉ። ልጁ አለ አላቸው። እያንዳንዱ መርከብ የሚጣራበት ቁጥር አለው፣ የቁጥሩ መጀመሪያ አገሩን ይናገራል፤ 636 ላይቤሪያ ነው፣ የእኛው 624 ነው። እየፈለገም ያሳየን ጀመር፦ አሶሳ፣ ጋምቤላ፣ ጅግጅጋ፣ መቀሌ፣ ሐረር፣ ሰመራ፣ ከወንዞቹም ጊቤና ሸበሌ። ባሕር የሌላት አገር ከተሞቿንና ወንዞቿን ባሕር ላይ ስታሰማራ ማየት ደስም ይላል፣ ሆድም ያስብሳል። ሽማግሌው ሰመራ ስትባል ፈገግ አሉ። «እኔ በሎግያ ሳልፍ ሰመራ የምትባል ከተማ አልነበረችም፤ ዛሬ መርከብ ሆና አየኋት» አሉ።

ከዚያም ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ አታስታውሰኝም፣ እኔ ግን አስታውስሃለሁ» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ሦስት ኩንታል ጎደለ ብለህ አስፈርመኸኛል። ሰርዶ ላይ ጎማ ፈንድቶ ሁለት ሌሊት ሜዳ ላይ አድሬ ነበር የመጣሁት። ሦስቱ ኩንታል በዚያ ፈሰሰ። ከደሞዜ ተቆረጠ።» ቂም የለባቸውም፤ እንደ ዝናብ ወሬ ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ፊቴን የማስገባበት አጣሁ። ጉድለቱ እውነት ነበር፣ ሰነዱም ትክክል ነበር፤ ሆኖም ሁለት ሌሊት ሜዳ ላይ ያደረውን ሰው እንዴት ገባህ አላልኩትም፣ አንድ ጣሳ ውኃ አላቀረብኩለትም። ጆንያውን እንጂ ሰውየውን አልቆጠርኩትም።

ልጁ ጥሪው ደርሶት ባሕር ዳር ሠለጠነ፣ ከዚያም በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት የባዕድ አገር መርከብ ላይ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ሥራ አገኘ። ሊሄድ ሲል እህቴ ዳቦ ደፋች፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ሽማግሌው ዱአ አደረጉለት። ያን ማታ አንዱ እንግዳ ስለዚያች ስዊዝ ቦይ ላይ ስለተሰነቀረችው መርከብ ጠየቀውና ነገረን።

ኤቨር ጊቨን ትባላለች፤ 400 ሜትር ትረዝማለች። መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ብርቱ ንፋስ አሸዋ ባነሣበት ጠዋት አፍንጫዋ አንዱን ዳር፣ ጅራቷ ሌላውን ዳር ያዘና ቦዩን ዘጋችው፤ ስድስት ቀንም ቆየች። በዚያ ሳምንት እንደ እኔ ያለ ሥራ ፈት ሁሉ በዓለም ዙሪያ ስልኩን ይዞ ያቺን ነጥብ ሲያይ ሰነበተ። በሁለቱ የቦዩ አፎች ከ400 የሚበልጡ መርከቦች ተከማችተው ይታዩ ነበር። መጋቢት 20 ቀን ጉተታ ጀልባዎቹና የባሕሩ ሙላት አንድ ላይ ሆነው አላቀቋት፤ ዓለም አጨበጨበ፣ አጨብጭቦም ሄደ። መርከቧ ግን አልሄደችም። የካሣው ክርክር እስኪያልቅ፣ እስከ ሰኔ 30 ድረስ፣ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ከ25 ሕንዳውያን መርከበኞች ጋር ተይዛ ቆየች። ሐሳብ ገብቷቸው አገር አገር የሚሉትን እነዚያን ሰዎች የሚያይ ብዙ አልነበረም።

«ከእነሱም የባሰ ነበር» አለ ልጁ። በዚያው ቦይ ደጃፍ፣ በአዳቢያ በኩል፣ አማን የምትባል ዕዳ የያዛት መርከብ ቆማ ነበር። ፍርድ ቤት አንዱን ሶርያዊ መርከበኛ የመርከቧ ሕጋዊ ጠባቂ አድርጎት እሱ ብቻ መውረድ ተከለከለ፤ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ሄዱ፣ እሱ ወደ አራት ዓመት ገደማ ቀረ፣ የመጨረሻውንም ጊዜ ብቻውን። ነዳጅ አልቆ መርከቧ ጨለመች። ማዕበል ወደ ዳር ከገፋት በኋላ ስልኩን ሊሞላና ምግብ ሊገዛ እየዋኘ ይወጣ ነበር። እናቱ እዚያው እንዳለ ሞተችበት። ወንድሙም መርከበኛ ነውና በቦዩ ሲያልፍ የወንድሙን መርከብ ከሩቅ ያያታል፤ በስልክ ይነጋገራሉ፣ እጅ ለማወዛወዝ ግን ይርቃል። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው የተለቀቀው።

እህቴ ዳቦውን እየቆረሰች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ለእሱ ማን ነበረው?» አለች። ማንም አልመለሰላትም።

ልጁ ሄደ። ወር ሳይሞላው፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ጋላክሲ ሊደር የምትባለው መርከብ ቀይ ባሕር ላይ በየመን ታጣቂዎች ከ25 ሠራተኞቿ ጋር ተያዘች፤ ሰዎቹ የተለቀቁት ከ14 ወር በኋላ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። መርከቧ ከተያዘችበት ቀን ጀምሮ የቀይ ባሕር ካርታ መልኩ ተለወጠ። ቀስቶቹ ሳሱ። ባብ ኤል መንደብን ለማለፍ የደፈሩትንም ስነካቸው፣ መድረሻ ወደብ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ሌላ ቃል አየሁ፦ ሠራተኞቹ በሙሉ ቻይናውያን ናቸው፣ የታጠቁ ጠባቂዎች አሉ፣ ከእስራኤል ጋር ግንኙነት የለንም። መርከብ የምትሄድበትን መናገር ትታ አትግደሉኝ ስትል ታያላችሁ። አልሰማም ያለም ነበር፤ የካቲት 27 ቀን 2016 ትሩ ኮንፊደንስ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ተመታችና ሦስት መርከበኞች ሞቱ። በሰው ጠብ መካከል ለእንጀራቸው ያለፉ ሰዎች ነበሩ።

የልጁ መርከብ ከሲንጋፖር ወደ ሮተርዳም የምትሄድ ነበረች፤ እንደ ብዙዎቹ በቀይ ባሕር መሄዱን ትታ አፍሪካን በጉድ ሆፕ ርእሰ ምድር በኩል ልትዞር ታዘዘች። ጥር አጋማሽ ነው፤ ጥምቀት ባለፈ በቀናት ውስጥ። በማላካ ወሽመጥ ስትሄድ አየናት፣ የሱማትራን ጫፍ ስታልፍ አየናት፣ ከዚያም በማግሥቱ ማታ ስከፍተው የለችም። ስሟ አለ፣ ቀለሟ ደብዝዟል፣ ከሥሩ ምልክቷ የተሰማው ከብዙ ሰዓት በፊት ነው ይላል።

እህቴ በትከሻዬ ላይ ሆና ታያለች። «የታለች?»

ልጁ የነገረኝን ነገርኳት፤ ጠፋች ማለት ሰጠመች ማለት አይደለም አልኳት። አላመነችኝም። እናት ናት፤ እንዴት ታምነኛለች። ከዚያም እርሳስ አነሣሁ። በሰዓት 13 ኖቲካል ማይል ብትሄድ በቀን 312 ነው፤ ከሱማትራ ጫፍ እስከ ሞሪሸስ ደሴት 2,700 ገደማ ነው፤ ዘጠኝ ቀን። «ዘጠኝ ቀን ጠብቂ፣ በዘጠነኛው ደሴቷ ትሰማታለች» አልኳት። እህቴ ተነሥታ ከቡናው ቋት ዘጠኝ ፍሬ ቆጠረችና የመስኮቱ ደፍ ላይ ደረደረቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ቡና ስትቆላ ከእነዚያ አንዱን አንሥታ ምጣዱ ላይ ትጨምራለች።

ያ ሳምንት እንዴት እንደረዘመ አልነግራችሁም፤ ልጁን ሩቅ የላከ ያውቀዋል። የአውሎ ነፋስ ወቅት ነበር፤ በዚያው ጥር ቤላል የተባለው አውሎ ነፋስ ሬዩኒየንና ሞሪሸስን መትቷል። ይህን አውቄ ለእህቴ አልነገርኳትም፤ እሷም ከሬዲዮ ሰምታ ኖሮ ለእኔ አልነገረችኝም። ሽማግሌው በየማታው ይመጣሉ፣ «አላህ ያግባው» ይላሉ፣ እህቴ «አሜን» ትላለች፣ እሷ እመብርሃንን ትለምናለች፣ እሳቸው «አሚን» ይላሉ። ውርጭ ነበር፣ ሌሊቱም የጠራ ነበር፤ ኮከቦቹን እያየሁ ልጁም እነዚህን ያያል እል ነበር።

በዘጠነኛው ማታ ደፉ ላይ አንድ ፍሬ ቀርታ ነበር። ስልኩን ከፈትኩ፤ የለችም። ቡናው ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ አቦሉ ተጠጣ፤ የለችም። ቶናው ላይ እህቴ ራሷ ስልኩን ከእጄ ወሰደች፤ ከሞሪሸስ በስተደቡብ ምሥራቅ አንዲት አረንጓዴ ቀስት ነበረች። እህቴ አልጮኸችም። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ አቧራ እንዳለበት ሁሉ።

ንጋት ላይ ደወለ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። እህቴ የጠየቀችው በላህ ወይ ብላ ነው። በላሁ አላት፤ ሃያ ሁለት ሆነው ነው ያሉት፣ ምግብ አብሳዩ ፊሊፒናዊ ነው፣ ሩዙን ለምዶታል። እኔም ባሕሩ እንዴት ነበር አልኩት። «ጋሼ፣ ባሕሩን ካየሁት አራት ቀኔ ነው» አለኝ። «ሞተር ክፍል ነኝ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስወጣ እተኛለሁ፣ ስነቃ እወርዳለሁ። ኮከብም አላየሁ።» እንግዲህ ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ ኮከቡን አብረን እናያለን ብዬ ስጽናና እሱ ከውኃው በታች በብረትና በብረት መካከል ነበር።

ስለዚያች ደሴት ቆይቼ ያወቅሁትን ደግሞ ልጨምር። ሐምሌ 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ዋካሺዮ የምትባል መርከብ እዚያው ሞሪሸስ ድንጋይ ላይ ወጥታ 1,000 ቶን ያህል ዘይት ፈሰሰ፣ ያ የተባረከ ባሕርም ጠቆረ። ለምን ወደ የብስ ተጠጋች ተብሎ ሲመረመር የስልክ ኔትወርክ ፍለጋ ሆኖ ተገኘ። ጥፋት ጥፋት ነው፣ ለአሣ አጥማጁም ለባሕሩም ፍትሕ ይገባል። ነገር ግን የሰው ድምፅ መናፈቅ መርከብን ከመንገዷ እስከ ማውጣት እንደሚደርስ ከዚያ ወዲህ አልጠራጠርም።

አሁን የልጁ መርከብ ሌላ ናት፣ መንገዱም ሌላ ነው። እኔ ግን አንድ የተሰመረ ደብተር ገዝቻለሁ፤ ማታ ማታ የማያቸውን መርከቦች እጽፍበታለሁ። ካርታው የመርከቧን ስም ይሰጣል፣ ርዝመቷን፣ ፍጥነቷን፣ ስንት ሜትር ውኃ ውስጥ እንደገባች ይሰጣል። በውስጧ ስንት ሰው እንዳለ ግን አይጽፍም። ስለዚህ በመጨረሻው ዓምድ እኔ ራሴ «ሰው» ብዬ አስምሬያለሁ፤ ቁጥሩን የማውቀው ሲሆን እሞላዋለሁ፣ የማላውቀው ሲሆን ባዶውን እተወዋለሁ፣ ባዶ መሆኑን እንዳልረሳ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በሞላኋቸው ሰነዶች ሁሉ ላይ ይህ ዓምድ አልነበረም።

ወገኖቼ፣ ወደ አገራችን ከሚገባው ዕቃ ከመቶው ከዘጠና በላይ የሆነው በጅቡቲ በኩል ይመጣል። ሌማታችሁ ላይ ያለው ዘይት፣ ልጃችሁ የሚጽፍበት ወረቀት፣ ማሳችሁ ላይ የምትበትኑት ማዳበሪያ በዚያች ቀስት ላይ አልፏል፤ ከዚያም ሎግያንና ሚሌን፣ ወይም አዋሽን አቋርጦ በሰው እጅ መጥቷል። ሥራ ፈታችሁ የምትቀመጡበት ማታ ካለ ስልካችሁን ክፈቱና አንዲቱን መርከብ እስክትገባ ድረስ ጠብቋት፤ ሰላም ግቢ በሏት፣ ከእናንተ ምንም አይቀነስም። ነገ ደግሞ በመጋዘን በር ላይ ቁልፍ የያዘ ከእናንተ መካከል ቢኖር፣ ሹፌሩ ከመኪናው ሲወርድ ከማስፈረሙ በፊት ውኃ ይስጠው።